ወንበር ላይ የተሰመረው ወሰን

«ጅራቷን ያዝ! እንዳትለቃት!»

ትዕዛዙ የበቅሎዋን ጅራት በሁለት እጁ ጨመደደ። ደጋው ላይ ሲጥል ያደረው ዝናብ ወንዙን ሞልቶታል፤ ደፍራሹ ውሃ ግንድ እያንከባለለ እስከ ብብቱ ደረሰ። እግሩ ተንሸራተተ፤ ጭንቅላቱ ጠልቆ ወጣ። ከፊት ልጓም የያዘችው ውዴ በቅሎዋን አንዴ እየሰደበች አንዴ እየለመነች ጎተተቻት። ማዶ እንደወጡ ትዕዛዙ ጠጠሩ ላይ ተዘርሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን የመሬት መለኪያ መሣሪያ ነካካው። ይሠራል።

«ምነው ተኛህ? ነገ እኮ ዓርብ ነው!» አለችው።

ዓርብ ኮሚቴው ካርታውን ያጸድቃል። ካርታውን የሠራው ትዕዛዙ ነው፤ ጎንደር ከተማ ባለ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከሳተላይት ፎቶ። በመንደር አምስት ሰፋሪዎችና በአጎራባቹ የሰሊጥ እርሻ መካከል ወሰን ሲያሰምር ዛፍ የሌለው ቀይ መሬት አየና ባዶ መስሎት ለእርሻው ሰጠው። ያ መሬት የመንደሩ ሸክላ ሠሪ ሴቶች አፈር የሚያወጡበት ነው። የማኅበራቸው ሊቀመንበር ውዴ አምስት ጊዜ ቢሮ ተመላልሳ ሰሚ አጣች። በስድስተኛው የእርጥብ አፈር ድቡልቡል ከቦርሳዋ አውጥታ ካርታው ላይ፣ መስመሩ ላይ አኖረችው።

«አፈሩ ከሄደ ሥራ የለንም። ደጋ እንዳንመለስ፣ ለሰፈራ ስንወርድ መሬታችንን ለሌላ ሰጥታችሁታል። የት እንግባ?»

ትዕዛዙ መሬቱን በእጁ ሊለካ መሣሪያውን ከመሳቢያ አወጣ። በማግስቱ ተያይዘው ወጡ። መኪናው ከሳንጃ አለፍ ብሎ ጭቃ ሲይዘው ወርደው፣ በቅሎ ተከራይተው ዕቃቸውን ጫኑና በእግር ቀጠሉ።

ከወንዙ በኋላ መንገዱ ወደ ገደል ጥግ ገባ። ወደ ላይ ቋጥኝ፣ ወደ ታች አዘቅት፤ መሐሉ አንድ በቅሎ የምታልፍበት ብቻ ነው። የበቅሎዋ ጭነት አለቱን ፈገፈገና አንድ ድንጋይ ፈረሰ። ወዲያው ከስንጥቁ ጉምጉምታ ተሰማ።

«ንብ ነው! ፊትህን ሸፍን! ተደፋ!»

ጥቁር ደመና ወረደባቸው። ውዴ ነጠላዋን ተከናንባ መሬት ያዘች። ትዕዛዙ ግን ሁለት እጁን የሰነዘረው ወደ መሣሪያው ነበር። እሱን አቅፎ ሲደፋ ፊቱ ባዶውን ቀረ። በቅሎዋ ወረቀቱን፣ ስንቁንና የእሱን ስልክ እንደጫነች ወደመጣችበት ፈረጠጠች።

ንቡ ሲበርድ የትዕዛዙ ፊት ድፎ ዳቦ አክሏል። ዓይኖቹ ተደፍነዋል።

«አይታየኝም፣ እትዬ ውዴ።»

«ወደኋላ መመለሱ ይርቃል። በትሬን ያዝ» አለችው።

በትሩን ይዞ ተከተላት። ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል፤ እሷ ግን አላረፈችለትም። «እግርህን አንሳ፤ እኛ የካብነው እርከን ነው። አሁን ቀኝህን ያዝ፤ በስተግራ የጎረቤቴ የታየች የበቆሎ ማሳ አለ። ይኼ የሚጎረብጥህ በሰፈርንበት በመጀመሪያው ዓመት ጎርፍ ያመጣው ድንጋይ ነው።» ትዕዛዙ ይህን መሬት ኮምፒውተሩ ላይ ስንት ጊዜ በመዳፉ ሸፍኖ አይቶታል! ከእርከኑ አንዱም፣ ከድንጋዩ አንዱም ፎቶው ላይ አልነበረም። ምናልባት ነበረ፤ እሱ አልፈለገውም።

ድንገት ውዴ ቆመች። ከፊት ለፊት የትራክተር ድምፅ ይመጣል።

«ሳይጸድቅ ጀመሩት!» ብላ ሮጠች። በትሩ ከእጁ ወጣ።

«ቁሙ!» አለ የወንድ ድምፅ። የጠመንጃ ቃታ ቀጭ አለ። «ከዚህ ወዲህ የእርሻው ነው። ሰው እንዳላሳልፍ ታዝዣለሁ።»

«አያ ሰውአገኝ፣ እኔ ነኝ፤ ውዴ! ልትተኩስብኝ ነው?»

«አልተኩስም፤ ግን ተመለሽ፤ ዘበኝነቱ እንጀራዬ ነው።»

ትዕዛዙ እጁን ዘርግቶ ወደ ሞተሩ ድምፅ ተራመደ። ተደናቀፈ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። የጋለው ብረት ትንፋሽ ፊቱን ሲገርፈው ቆመ።

«መስመሩን ያሰመርሁት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ተሳስቻለሁ! እስክለካው ድረስ አትረስ!»

ሞተሩ ጥቂት ተንገራገጨና ጠፋ።

«ዓይኑ በማያይ ሰው ላይ አልነዳም» አለ ሹፌሩ እየወረደ። «ደሞ ጠመንጃህን ወዲያ በል፣ አያ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጨረስ ነበረባቸው። ትዕዛዙ የመሣሪያውን ቁልፍ በዳሰሳ ይጫናል፤ ውዴ መስኮቱ ላይ የወጣውን ቁጥር ታነባለች። ወረቀቱ ከበቅሎዋ ጋር ሄዷል። ስለዚህ እርጥብ አፈር በመዳፏ ጠፍጥፋ ቁጥሩን በስንጥር ጻፈችበት። አሥራ ዘጠኝ ማዕዘን፣ አሥራ ዘጠኝ ጠፍጣፋ አፈር። ከዚያ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥተው በእሷ ስልክ ለክፍል ኃላፊው አንድ በአንድ አነበቡለት።

«ነገ እንዳይጸድቅ ላስቀረው እችላለሁ» አለ ኃላፊው ተበሳጭቶ። «ግን ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ልጻፍ?»

የትዕዛዙ ስም ለደረጃ እድገት የተላለፈው ባለፈው ወር ነው።

«የኔ ነው። ስሜን ጻፈው።»

ጠዋት የግራ ዓይኑ ስንጥቅ ያህል ተከፈተ። ሸክላው አፈር የሚወጣበትን ጉድጓድ አየው። ከአንድ ግቢ አይበልጥም። ሴቶቹ ወገባቸው ድረስ ገብተው ይቆፍራሉ።

«ይቺ ብቻ ናት?»

«ይቺ ናት። መቶ ምናምን ሰው ይተዳደርባታል» አለች ውዴ።

ካርታውን በሠራበት ሰሞን እዚያው ቢሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያሰመራቸው የሌሎች መንደሮች ወሰኖች አንድ በአንድ በሐሳቡ መጡበት፤ ሃያ ስድስት ናቸው። መቀመጥ አቃተው።

«መንደር ስድስት በየት በኩል ነው?»

«ዓይንህ ሳይሽር? ሁለት ወንዝ አለው እኮ!»

«አንዱ ዓይን ይበቃኛል፤ ጨርሶ ካልተከፈተም የሚመራኝ አላጣም» አለና መሣሪያውን አንገቱ ላይ አጠለቀ።