የተሰፋው ኪስ

ፈጠራ ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልከራከረውም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ። ሰማንያ የሚሆን ሰው በተቀመጠበት የልደት አዳራሽ ውስጥ ነው የሆነው። መብራት አልጠፋም። በር ብቻውን አልተከፈተም። ከኋላ አንዲት አስተናጋጅ ብርጭቆ ስትደረድር ይሰማኝ ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ምትሃተኛ ነበር። ሳንቲም በጣቶቹ መሃል ያጠፋል፣ የመረጣችሁትን ካርታ ከጫማችሁ ሥር ያወጣል። ሁሉም የእጅ ቅልጥፍና ነው። ቅልጥፍናው የእሱ፣ ኪሱ ግን የእኔ ነበር።

ኪስ ስላችሁ ተራ ኪስ አይምሰላችሁ። ከኮቱ ግራ ብብት ሥር፣ በገበሩ ውስጥ የተደበቀ ነው። አፉ በቀጭን ሽቦ ሁልጊዜ ተከፍቶ ይቆያል፤ ዕቃው እንዲያው ሸርተት ብሎ ይገባል። በከተማችን ይህን ኪስ ከእኔ በቀር የሚሰፋ የለም።

ወንድሜ ለተማሪው አንድ ሕግ ነበረው። "ዕቃ ከምትከትባት ቅጽበት በቀር ኪስህን አትይ፣ አትንካ። አንተ ካየኸው ሰውም ያየዋል።" ልምዱ ሥር ከመስደዱ የተነሳ፣ ሁለቱም ኮት ለብሰው መስታወት ፊት ሲቆሙ እንኳ እጃቸው ወደዚያ አይሄድም።

ተማሪው አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ 'ቀልጣፋው' ይለዋል። ወንድሜ ስምንት ዓመት ሙሉ የልጁን ጣቶች ከትንሿ ጀምሮ አንድ በአንድ እያሸ እያለማመደ አስተማረው።

የወንድሜ እጅ አመድ አፋሽ ሆነ።

አንድ ቀን በሞላ አዳራሽ፣ ወንድሜ ሳንቲሙን ሊሰውር ሲል፣ ቀልጣፋው ከጎኑ ተነስቶ ኮቱን ገለበጠው። "እዩት! ይኸው እዚህ ነው የሚደብቀው!" ኪሴን እንደ ምላስ ጎትቶ አወጣው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ስልክ ሁሉ ተደቀነ።

በሳምንቱ አዳራሹ በወንድሜ ቦታ ቀልጣፋውን ቀጠረው።

ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል። ማንኪያ አይዝም። የሸሚዙን ቁልፍ እኔ ነኝ የምቆልፍለት። ስምንት ወር ሙሉ፣ የወንድሜን ሸሚዝ በቆለፍኩ ቁጥር ያንን ልጅ በልቤ ረገምኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀልጣፋው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሱቄ ድረስ መጣ።

"እትዬ፣ አዲስ ኮት ገዛሁ። ያቺን ኪስ ሥሪልኝ።"

"ሌላ ሰፊ የለም?"

"የአንቺን እጅ የሚተካ አጣሁ። ያለፈው አለፈ እንግዲህ... ጋሼም ቢሆን አርጅቶ ነበር።"

ወንድሜ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው።

ደሜ ፈላ። ግን ጥርሴን ነክሼ ሳቅሁለት። "ቅዳሜ ጠዋት ውሰድ" አልኩት።

ኪሱን አሳምሬ ሠራሁለት። ከዚያ አፉን ሰፍቼ ዘጋሁት። በድርብ ክር፣ ጥቅጥቅ አድርጌ፣ ሃያ ሁለት ጊዜ ወጋሁት። ኪሱን እንደማያይ፣ እንደማይነካ አውቃለሁ። ዕቃው መሬት ላይ ቋ ብሎ እንዲወድቅ ነበር የፈለግሁት። ሰው እንዲስቅበት። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ በእናቴ።

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው የሚለውን ተረት አትንገሩኝ። አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለተኛው ረድፍ ተቀመጥኩ። ቀልጣፋው የባለ ልደቷን ሴትዮ የእጅ ሰዓት ተዋሰ። በመሐረብ ጠቀለለው። ቀኝ እጁን በደረቱ አሳልፎ ወደ ግራ ብብቱ ላከ።

ቋ የሚለውን ድምፅ ጠበቅሁ።

ጠበቅሁ...

ምንም አልወደቀም።

ሰዓቱ ገባ። እኔ በገዛ እጄ በሰፋሁት ኪስ ውስጥ ገባ።

እጁ ግን አልወጣም።

መጀመሪያ ቀልድ ጨመረ። "ሰዓቱ ከእኔ ጋር መኖር ፈለገ መሰለኝ!" አለ። ሰው ሳቀ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። እጁ አንጓው ድረስ ኮቱ ውስጥ ነው። ኮቱ ግን ከውጭ ጠፍጣፋ ነው። እጅ ያለበት ልብስ እንዴት እንደሚያብጥ እኔን የሚያስተምረኝ የለም። እዚያ ውስጥ እጅ አልነበረም።

እየሳቀ፣ እያወራ፣ ወደ እኔ ወረደ። ጎንበስ አለ።

"እትዬ... ምንድን ነው ያደረግሽው?" ሲል አንሾካሾከ።

"ዘጋሁት።"

"አልተዘጋም... ታች የለውም።"

"ውሸታም።"

"እትዬ ሙች... አንድ ሰው እጄን ይዞኛል።"

ኮቱን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ሃያ ሁለቱም ስፌቶች እንዳሉ ናቸው። አንድም ክር አልተበጠሰም። የእጁ አንጓ ውሃ ውስጥ የገባ ያህል በተሰፋው ጨርቅ ውስጥ ሰምጧል።

"ቁረጪው" አለኝ። እንባው መጣ። "መቀስ አታጪም... ቁረጪልኝ..."

ቦርሳዬ ውስጥ መቀስ ነበረኝ። አወጣሁትም። ከዚያ የወንድሜ ሸሚዝ ትዝ አለኝ፣ ማንኪያው፣ እየተንቀጠቀጠ ልብሱ ላይ የሚያፈሰው ሾርባ።

መቀሱን መልሼ ከተትኩት።

"ሰው ሁሉ እያየህ ነው" አልኩት። "ፈገግ በል።"

ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፣ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እሱ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰው አጨበጨበ፤ የጨዋታው ክፍል መስሎት ነው።

ቤት ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ወንድሜ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተጨብጠው።

አይንቀጠቀጡም።

"መጣሽ?" አለኝ።

"መጣሁ... እጅህ..."

በጣቶቹ መሃል ክፍተት አለ። አንድ ነገር የጨበጠ ሰው እጅ ነው፤ የሚታይ ነገር ግን የለም። ቀና ብሎ አየኝ።

"ልልቀቀው?" አለኝ።

ማንን እንዳለ አልጠየቅሁም።

"አትልቀቀው" አልኩት።

በማግስቱ ቀልጣፋው ከሆስፒታል ደወለ። ኮቱን ቀደው አውልቀውለታል። ከአንጓው በታች እጁ የለም። ቁስል የለ፣ ደም የለ። ድሮም ያልነበረ ይመስላል አሉ ሐኪሞቹ።

"ግን ይሰማኛል እትዬ... አሁንም አጥብቆ ይዞኛል። በፈጠረሽ ለምኚልኝ!"

ስልኩን ዘጋሁበት። ጨርሶ አጠፋሁት።

ወንድሜ ሁለት እጁ ስለተያዘ ምግቡን እኔ ነኝ የማጎርሰው። ጠዋት ጠዋት "ልልቀቀው?" ይለኛል። "ገና ነው" እለዋለሁ። በሰባተኛው ቀን፣ "እህቴ፣ ይበቃዋል፤ እያለቀሰ ነው" አለኝ። "አንተ ስታለቅስ ማን ሰማህ?" ብዬ ተቆጣሁ። በማግስቱ መጠየቁን ተወ። እጁ ግን እንደተጨበጠ ነው፤ እንዲያውም ጠበቀ። እልህ ያዘው ብዬ ደስ አለኝ።

ዛሬ አሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ጠዋት ቁርሱን ይዤ ስገባ ወንድሜ ከወንበሩ ጎንበስ ብሏል። ፊቱ አመድ መስሏል። ሁለቱም እጆቹ ከአንጓቸው በታች ባዶ አየር ውስጥ ገብተው ጠፍተዋል።

"ልቀቀው!" ብዬ ጮህኩ። "በቃኝ፣ ልቀቀው!"

"እሱን?" አለኝ በሹክሹክታ። "እሱን እኮ ከለቀቅኩት ሦስት ቀኔ ነው። አሳዘነኝ... አንቺ እንዳትቆጪ ብዬ ዝም አልኩ።"

እየተጣደፍኩ ስልኬን ከፈትኩ። የቀልጣፋው መልእክት አለ። የተላከው ከሦስት ቀን በፊት ነው። 'እትዬ፣ እጄ ተመለሰ። ይቅር በይኝ። ለጋሼም ንገሪልኝ።'

"ታዲያ የያዝከው ማንን ነው?" አልኩት።

"አልያዝኩም" አለ ወንድሜ። "ተይዣለሁ።"

ጎረቤት ጠራሁ፤ አይቶ ሮጦ ወጣ። ሰው ጠርቶ እንደሚመለስ እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያ ይህን በስልኬ፣ በአንድ እጄ አውራ ጣት እየጻፍኩላችሁ ነው። በሌላው የወንድሜን ክርን ይዣለሁ። ስጀምር አንጓው ጋ ነበር የያዝኩት።

እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ ወደ ኋላ እጎትታለሁ፣ አንዳች ነገር ወደፊት ይጎትታል። የሚቸኩል አይመስልም።

ክርኑ አሁን ገባ።

ጣቶቼም አብረው ገቡ። ውስጡ ይሞቃል። አንድ እጅ መጥቶ ትንሿን ጣቴን ያዘ፣ እንደሚያለማምድ ሰው ቀስ ብሎ አሸት አሸት አደረጋት... ከዚያ ወደሚቀጥለው ጣት አለፈ።