ጥቁርና ነጭ እሁዶች

እጁን የያዝኩት በስህተት ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የምታነቡኝ እህቶቼ «አንቺ ነሽ የጀመርሽው» ማለታችሁ አይቀርም።

እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ልጄ ዮዳሄ ኦክላንድ ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ይዛኝ ገባች። ሳን ሆዜ ነው የምትማረው። ነርሲንግ ትማራለች ብዬ ለሰው ሁሉ ካወራሁ በኋላ ወደ ፊልም ዞረች።

«የድሮ የጃፓን ፊልም ነው ማሚ። ጥቁርና ነጭ። ኢትስ ቢዩቲፉል።»

«የፍቅር ነው?»

«ካይንድ ኦፍ።»

ካይንድ ኦፍ! የሙታን ነበር።

ዓሣ አጥማጅ ባሏ ባሕር ላይ የቀረባት ሴት ናት። በየቀኑ የሟቹን ልብስ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ሙዚቃ የለም። ነፋስም የለም፤ ከኋላዋ ያለው ሣር አይነቃነቅም። ልብሱ ግን ቀስ እያለ ትከሻ አወጣ። ከዚያ ደረት አወጣ። ከዚያ እጅጌው ሞላ። ሴትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ ሌላ ልብስ ትጨምቃለች።

«ዞር በይ! አንቺ፣ ዞር በይ!» አልኩ ድምፄን አውጥቼ፣ በአማርኛ። የዮዳሄንም እጅ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ።

እጁ ሻካራ ነበር። የልጄ እጅ ደግሞ ሻካራ አይደለም።

«አይዞዎት» አለ አንድ የወንድ ድምፅ፣ እሱም በአማርኛ። «አትዞርም። ከዞረች ፊልሙ ያልቃል።»

ዮዳሄ ለካ ፋንዲሻ ልትገዛ ወጥታለች፤ የያዝኩት በሌላው ጎኔ የተቀመጠውን ሰው ነው። እጁን መልቀቅ ነበረብኝ። አልለቀቅኩም። ልብሱ ከገመዱ ወርዶ አንድ እርምጃ ተራምዶ ነበርና።

መብራት ሲበራ አየሁት። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ፂሙ ሽበት የጣለበት ሰው ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያፍታታል።

«ክብሮም እባላለሁ» አለ። «ሪችመንድ ወደብ ክሬን እጠግናለሁ። እነዚህ ጣቶች ነገ ለሥራ ይፈለጋሉ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ! አይናዲስ እባላለሁ። ልጄ መስለውኝ ነው እኮ!»

«ልጅዎን እንደዚህ ነው የሚይዟት?»

«ኦል ዘ ታይም» አለች ዮዳሄ ከኋላችን፣ ፋንዲሻዋን እያኘከች።

ሳቅን። እኔ ግን ልቤ ገና አልተመለሰም። «ምኑን ብለው ነው የሚወዱት ይህን ጉድ?» አልኩት።

ጃኬቱን እየለበሰ መለሰልኝ። «ቀለም የለውም። ጨለማው ውስጥ ምን እንዳለ አይነግርዎትም፤ እርስዎ ነዎት የሚሞሉት። ከተሠራ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ግን ሰው ሁሉ የራሱን ፍርሃት ይዞ ስለሚገባ አያረጅም።»

ቤት ገብቼ ይህን ነገር አብሰለሰልኩት። በዚህ አገር ሁሉም ሰው «ኖ ዎሪስ» ይላል፣ አትጨነቂ ለማለት። ገበያ ብትሄዱ ኖ ዎሪስ። ሐኪም ጋ ብትሄዱ ኖ ዎሪስ። እኔ ደግሞ ልጄ ስልክ ካላነሳች ሳን ሆዜ ውስጥ ስንት ሆስፒታል እንዳለ የምቆጥር ሰው ነኝ። ያ ፊልም ግን ኖ ዎሪስ አላለኝም። «አዎ፣ ይመጣል» ነው ያለኝ። ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ... የሚያምነኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

እነዚያን ፊልሞች የሚያሳዩት በወር አንድ እሁድ ነበር። በሁለተኛው ወር ዮዳሄ «ፈተና አለብኝ» ብላ ቀረች። እኔ ሄድኩ። «ለፊልሙ ነው» አልኩ ለራሴ፣ ከንፈሬን እየቀባሁ።

ክብሮም ቀድሞኝ ደርሷል። አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ጃኬቱን አስቀምጦ ቦታ ይዟል።

«ለማን ነው የያዙት?» አልኩት።

«እጄን ለምትሰብር አንዲት ሴት። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ልበልሽ? ጥፍሯን ሰው ላይ የተከለች ሴት እርስዎ አትባልም።»

አሥመራ ተወልዶ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነው ያደገው። አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ከሚስቱ ከተፋታ አሥር ዓመት ሆኖታል። ልጅ የለውም። ከፊልሙ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ከሲኒማ ቤቱ አጠገብ ያለውን ሐይቅ እንዞራለን። ስለ ሙታን እናወራለን። ሌላው ሰው በዚያ መንገድ ከፍቅረኛው ጋር አይስክሬም እየበላ ያልፋል።

«ያ ክሬን ስንት ሜትር ነው?» እለዋለሁ።

«አትጠይቂኝ።»

«ገመድ ታስራለህ?»

«ሁለት።»

«ሁለቱም ቢበጠሱስ?»

«ያኔ አይናዲስ ልክ ነበረች እላለሁ፣ እየወደቅኩ።»

«አትቀልድ!» ብዬ ትከሻውን እመታዋለሁ። ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። ትከሻውን ስመታ እዚያ መኖሩን ማረጋገጤ ነበር።

ከክሬኑ በወረደ ቁጥር ቴክስት ያደርግልኛል። እኔ የምሠራው ኦክላንድ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። አዛውንቶቹን ሳጎርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ድርር ሲል እተነፍሳለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን... እግዜር ያውቃል።

አንድ ሐሙስ ስልኬ ዝም አለ። አሥር ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ አለፈ። ደወልኩ፤ ዝግ ነው። አንዷ አሮጊት «ልጄ፣ ማንኪያው አፌን ሳተ» አሉኝ በእንግሊዝኛ። ማንኪያውን አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ በሐሳቤ ክብሮም ያልሞተበት መንገድ የለም። ወደቀ፤ ብረት ወደቀበት፤ ባሕር ውስጥ ገባ። ሁሉንም አየሁት፣ በጥቁርና በነጭ።

ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አበባ ይዟል።

«ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው» አለኝ። «ቻርጀሬን ቤት ረስቼ... አይናዲስ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ፊቱን ብቻ አየሁት።

«ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ» አለ። «እንጋባ። አንድ ቤት እንሁን። ያኔ የምጠፋበት ቦታ አይኖርም።»

እህቶቼ፣ ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ቀዘቀዝኩ።

«ተፈራም እንዲህ ይል ነበር» አልኩት። ተፈራ ሟቹ ባሌ ነው። «እዚሁ ከኦክላንድ ወረድ ብሎ ኒውአርክ መጋዘን ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሌሊቱ ሳይነጋ ለሥራ ወጣ። መንገድ ላይ ቀረ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ አልችልም ክብሮም።»

«ያን ነገር እኔ አላመጣሁትም እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ይመጣል።»

ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «አልወድህም ማለትሽ ነው?»

አበባውን እያየሁ «አዎ» አልኩት።

አበባውን በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሦስት ሳምንት ስልኬ ዝም አለ። የፊልሙ እሁድ መጣ፤ አልሄድኩም። ሰላም አገኛለሁ ብዬ ነበር። ከልጄ ሌላ የምፈራለት ሰው የለኝማ! ግን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እጄ ወደ ኪሴ ይገባል።

ለክብሮም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ፤ ለእናንተ ልንገራችሁ። የተፈራን መርዶ እንዴት እንደሰማሁ ነው። ገና ከጠዋቱ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ጥቁር ካፖርት ለብሰው ቆመዋል። ከፊት የቆሙት አቶ ኃይለየሱስ ነበሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው። አልተቀመጡም። ኮፍያቸውን አወለቁ። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለጋቸውም።

ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነ። ዛሬም በጠዋት በር ከተንኳኳ መጀመሪያ በመስኮት ሳላይ አልከፍትም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዮዳሄ ስልክ አላነሳችም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። የመጀመሪያውን የባርት ባቡር ተሳፈርኩ። ባቡሩ ዩኒየን ሲቲን ሲያልፍ አራተኛ ሞከርኩ። የለም። ሳን ሆዜ ስደርስ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ሰማዩ ግራጫ፣ ሕንፃው ግራጫ፣ የቆሙት መኪኖች ግራጫ። ከዓለም ላይ ቀለም የሚባል ነገር የተነሣ መሰለኝ።

ልጄ የምትኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው። የብረት ደረጃውን ወጥቼ ቀና አልኩ።

ሦስት ሰዎች በሯ ላይ ቆመዋል። ጥቁር ካፖርት። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። አይነቃነቁም።

አትዙሩ፣ አልኩ በልቤ። እባካችሁ አትዙሩ።

አንዱ ዞሩ። አቶ ኃይለየሱስ ናቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አይናዲስ...» አሉ። «አንቺ... እዚህ ትመጫለሽ አላልንም ነበር...»

«ልጄን!» ብዬ ጮኽኩ። «ልጄን! ዮዳዬን!» ደረጃው ላይ ተዘረፈጥኩ።

«ኧረ ተይ! ኧረ አይደለም!» አሉ ሦስቱም ባንድ ላይ።

በሩ ተከፈተ። ዮዳሄ በፒጃማ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ ብቅ አለች። «ማሚ? ዋት ኢዝ ጎይንግ ኦን? ተኝቼ ነበር...»

ተነሥቼ ፊቷን ዳበስኩ። ጉንጯ ትኩስ ነው። ዓይኗ ያያል። ልጄ በሕይወት አለች! እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ግን ሌላው መጣብኝ። እነዚህ ሰዎች ለልጄ ካልመጡ ለማን መጡ? መርዶ ለሴት ብቻዋን አይነገርም። ልጇ ትይዛታለች፤ ስለዚህ አስቀድመው ለልጇ ሊነግሩ ነው።

ወደ አቶ ኃይለየሱስ ዞርኩ። «ክብሮም ነው?»

አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ታች፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ጣሉ።

በቃ።

«ክብሮሜ!» አልኩ። ደረቴን መታሁ። «ዋሸሁህ እኮ! አልወድህም ያልኩህ ውሸቴን ነው! ሚስትህ ሳልሆን፣ አንድ ቀን እንኳን ወጥ ሳልሠራልህ! ያን አበባ ባልቀበልህ... ክብሮሜ፣ ምነው ዓይንህን ባየሁት!»

የጎረቤት መስኮቶች ተከፈቱ። ዮዳሄ አቅፋኝ ታለቅሳለች፤ ለምን እንደምታለቅስ ግን አታውቅም።

ከዚያ የብረት ደረጃው ጮኸ። አንድ ሰው እየወጣ ነው።

ከእነዚያ ሁሉ ፊልሞች የተማርኩት አንድ ነገር አለ። የሞተ ሰው ሲመጣ አይቸኩልም። ይሄኛው ግን ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ፣ እያለከለከ ነው የመጣው። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ክራቫቱ ወደ ትከሻው ዞሯል።

«ምን ሆነች? ማን ነው የሞተው?» አለ ክብሮም።

«አንተ!» አልኩት።

ከሥር መንገዱ ላይ አውቶቡስ ሲያልፍ ይሰማል።

አቶ ኃይለየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ዮዳሄ» አሉ፣ «እኛ የመጣነው እናትሽን ለዚህ ሰው እንድትሰጭን ልንለምንሽ ነበር። ሥራ ሳትገቢ እንድረስባት ብለን ማለድን። እሱ መኪና ውስጥ ይጠብቅ ነበር። ንግግርም አዘጋጅቼ ነበር...»

«መልሱ ከጥያቄው ቀደመ እኮ» አሉ አቶ አክሊሉ የሚባሉት ሁለተኛው ሽማግሌ።

ክብሮም አጠገቤ ተንበርከከ። «እምቢ ስትይኝ ዓይኔን አላየሽም» አለኝ። «አበባውን ነበር የምታይው። ስለዚህ በወግ ልጠይቅ አልኩ። ወላጆችሽ የሉም። ያለችሽ ዮዳሄ ናት።»

«እሳቸውን ነው የላክህብኝ?» አልኩት፣ እያለቀስኩም እየሳቅኩም። «የተፈራን ያረዱኝ እሳቸው ናቸው!»

ክብሮም ፊቱ አመድ መሰለ። ይህን አያውቅም፤ ከየት ይወቅ፣ እኔ ሳልነግረው! አቶ ኃይለየሱስ ደግሞ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ።

«እውነትሽን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ቀንም ይህንኑ ካፖርት ለብሼ ነበር። በዚህ አገር ሽማግሌ ጥቂት ነን፤ ለመርዶም ለጋብቻም የምንጠራው እኛው ነን። አላሰብኩትም። ይቅር በይኝ ልጄ።»

የሰባ ስምንት ዓመት ሰው እንዲህ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸውም ራሴን ሳሙኝ።

«እሺ» አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ወጉ ግን ይፈጸም። ዮዳሄ፣ ሰጥተሻል ወይ?»

ዮዳሄ ክብሮምን ከላይ እስከ ታች አየችው። አማርኛዋን እያጠራቀመች «እሰጣለሁ» አለች። «ግን... ኖ ሪተርንስ። መመለስ የለም።»

ደረጃው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። የሆነው ነገር ያልገባው ጎረቤት እንኳን አጨበጨበ።

«አንቺስ?» አለኝ ክብሮም፣ ሌላው እንዳይሰማ አድርጎ። «እኔ ክሬኑን አልተውም። አትፍሪ ብዬም ልዋሽሽ አልችልም።»

በዚህ ጊዜ ዓይኑን አየሁት። «አዎ» አልኩት። ያው ቃል ነው፤ ይሄኛው ግን እውነት ነበር።

በመስከረም ተጋባን። ዛሬም ማለዳ ለሥራ ሲወጣ መኪናው እስኪታጠፍ መስኮት ላይ ቆሜ አያለሁ። የምፈራው ነገር አንድ ቀን ይመጣል፤ ይህን ማንም ከልቤ አያወጣልኝም። ሲመጣ ግን ሚስቱ ሆኜ ያገኘኛል።