ሦስተኛው ቅጽ ያለ መሸፈኛ

መጽሐፉ ከሱሚሬ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ መሸፈኛ ወረቀቱ ወልቆ ወዲያ በረረ። በቦርሳው ገፍቶ የጣለው የክፍሏ ልጅ ሾጎ ነበርና ጎንበስ ብሎ አነሳው። ግን ቦታው አልመለሰውም። ገልብጦ የፊት ሥዕሉን አየና ከንፈሩን አጣመመ።

«እዩት እስቲ። ሁለቱም ወንዶች ናቸው» አለና መጽሐፉን ለክፍሉ ሁሉ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ሱሚሬ፣ በየጠዋቱ አንገትሽን ደፍተሽ የምታነቢው ይሄንን ነው?»

የጠዋት ንባብ ሊጀመር ነበር። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ቤቱ በሙሉ ጸጥ ብሎ ያነባል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ያመጣውን መጽሐፍ። ማን ምን እንደሚያነብ ማንም አይጠይቅም። የአብዛኛው ሰው መጽሐፍ፣ መደብሮች ሲሸጡ በሚሸፍኑበት ወረቀት እንደተሸፈነ ስለሆነ የፊት ሥዕሉ አይታይም።

ሱሚሬ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «የኔ አይደለም» አለች። «ኮቶኔ ናት በግድ የሰጠችኝ። እንዳይከፋት ብዬ ተቀበልኳት እንጂ እኔንም ይቀፈኛል።»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ከኋላ የተቀመጠችውን ኮቶኔን አየ።

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ሁለቱ የተዋወቁ ሰሞን ኮቶኔን ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ወስዳ እንዲህ ያለ የሁለት ወንዶች የፍቅር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ላይ ያስቀመጠችው ሱሚሬ ራሷ ናት፤ «ካላለቀስሽ ጓደኛዬ አይደለሽም» ብላ። ከዚያ ወዲህ በየተራ እየገዙ ሲዋዋሱ ኖረዋል። የአሁኑ ባለ ሦስት ቅጽ ነው፤ የወደቀው ሁለተኛው ነበር። በአንዲት ትንሽ ጨረቃ ላይ የጠፈር መርከቦች መንገድ እንዳይስቱ መብራት የሚያበራ ሰው አለ፤ መርከቡ ተበላሽቶበት እዚያው የቀረ መካኒክም አለ። ሾርባ ይሠራሉ፣ የተሰበረ ይጠግናሉ፣ ያወራሉ። በሁለት ቅጽ ሙሉ ያደረጉት ትልቁ ነገር እጅ ለእጅ መያያዝ ነው። በሾጎ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው መጽሐፍ የፊት ሥዕል ግን የተቆረጠ ጭንቅላት ነበር፤ እሱን ሸፍነው ያለው ሰው የለም።

መምህር ኩራታ ገቡና መጽሐፉን ከሾጎ እጅ ተቀብለው አንዴ አዩት። ኮቶኔ አንድ ነገር ይላሉ ብላ ጠበቀች።

«ወረቀቱን መልሺበት» አሉ ለሱሚሬ። «ሌሎቻችሁ ንባባችሁን ጀምሩ።»

በቃ። ሾጎን አልተቆጡትም። ጥፋቱ ሁሉ የወረቀቱ መውለቅ ይመስል። ኮቶኔ ንባቡ እስኪያበቃ መጽሐፏን ገልጣ ተቀመጠች እንጂ አንዲት ቃል አልገባትም፤ ደሟ ፈልቶ ነበር።

ምሳ ሲታደል ሾርባ የምትቀዳው ተረኛ ኮቶኔ ነበረች። ሾጎ ሳህኑን በሁለት ጣቱ ጫፍ ተቀብሎ «እንዳይጋባብኝ» አለ። ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ። ሱሚሬም አቀርቅራ ሳቀች፤ ትንሽ ሳቅ ናት፣ ግን ኮቶኔ ሰማቻት። ከጠዋቱ ውሸት ይልቅ ይህቺ ሳቅ አንገበገበቻት።

ከትምህርት በኋላ ሁሉም በየምድቡ ሲያጸዳ የእነሱ ድርሻ ኮሪደሩ ነበር። ሱሚሬ እርጥብ ጨርቋን ይዛ መጥታ ከጎኗ ተንበረከከች።

«ተናደድሽብኝ አይደል?»

ኮቶኔ ጨርቋን ባልዲው ውስጥ ጨመቀች።

«ደንግጬ ነው እኮ። ደግሞ አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ማንም ምን ቢልሽ ግድ የለሽም። እኔ እንዳንቺ አይደለሁም።»

«ግድ እንደሌለኝ ማን ነገረሽ?»

ሱሚሬ ወለሉን ጥቂት ወለወለች፣ ግራ ቀኙን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሦስተኛውን ቅጽ ጨረስሽው?»

ኮቶኔ ጆሮዋን ማመን አቃታት። አዎ፣ እሑድ ጨርሳዋለች። የመካኒኩ መርከብ ተጠግኖ ሲያልቅ ሄደ ወይስ ቀረ፣ ታውቃለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። መጨረሻን ቀድሞ መናገር በሁለቱ መሃል ነውር ነው፤ አንድ ጊዜ ኮቶኔ በፈገግታዋ ብቻ ፍንጭ ስለሰጠች ሱሚሬ ሳምንት ሙሉ አኩርፋታለች። አሁን ያ ዓረፍተ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ልትናገረው በጣም ፈለገች። የሱሚሬ ፊት እዚያው እርጥቡ ወለል ላይ ሲጠቁር ማየት አማራት።

ግን ጨረቃዋ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች ምን በደሏት? ዛሬ ሾጎ ያላገጠባቸው ይበቃቸዋል።

«ነገ አመጣዋለሁ» አለች። ሱሚሬ ፈገግ ማለት ስትጀምር «እስከዚያ አታናግሪኝ» ብላት ባልዲውን አንስታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ኮቶኔ ቦታዋ ተቀምጣ ሦስተኛውን ቅጽ ከቦርሳዋ አወጣች። መጽሐፍ በገዛች ቁጥር የመደብሯ ሴትዮ «ልሸፍንልሽ?» ይሏታል፤ እሷም ሁልጊዜ እሺ ትላለች። ለምን እሺ እንደምትል አስባ አታውቅም ነበር። ወረቀቱን ከመጽሐፉ ላይ አወለቀችና ጨምድዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መጽሐፉን ሱሚሬ ጠረጴዛ ላይ አላስቀመጠችውም። የራሷ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው፤ ሁለቱ ሰዎች መብራቱ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ለሁሉም ይታያሉ። ሱሚሬ ዞር ብላ አይታ ክው አለች።

«የመጨረሻው ቅጽ ይኸው» አለቻት ኮቶኔ። አልጮኸችም፣ ግን ክፍሉ ሁሉ ሰማት። «ከፈለግሽው መጥተሽ ውሰጂ።»

ሾጎ አፉን ከፈተ።

«አንተ ቆይ» አለችው። «ከእሷ ቀጥሎ ይደርስሃል።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ የሳቁት በማን እንደሆነ አልገባትም፣ ለማጣራትም አልቆመችም። ደወሉ ተደወለ። የመጀመሪያውን ቅጽ፣ እሱንም ያለ ወረቀቱ፣ እንደገና ከመነሻው ገለጠች። ንዴቷ አልወጣላትም፤ አንዱን መስመር ደጋግማ አነበበችው።

ከፊት፣ ሱሚሬ ባለችበት በኩል፣ አንድ ወንበር ወለሉን ሲፍቅ ሰማች። የማን እንደሆነ ለማየት ቀና አላለችም።