ዘለለ የተባለው ዋንዛ

ፈንታነሽ ለዓመታት ሆዷ ውስጥ የያዘችው ቂም አላት። አቶ እንዳለው የተባለው ባሏ ቢቸና ላይ ያቆመውን የእንጨት መሰንጠቂያ፣ እሱ ሞቶ ገና ከል ሳታወልቅ፣ ሰማው የሚባለው ወንድሙ ቆለፈው። «ሴት መጋዝ አትነካም» አላት። ግንድ እንዳይንከባለል በብሎን ጠፍሮ ወደ መጋዙ የሚገፋውን የጣውላ አልጋ ግን የሠራችው እሷ ናት። ሰማው አልጋዋን አስገብቶ እሷን ደጅ አስቀራት።

ያ ሰማው ዛሬ መጋዙ ሥር ግንባሩ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ደም የነካው የዋንዛ ጉማጅ ወድቋል። ዋንዛውን ጎርፍ አምጥቶት፣ ሟቹና ሠራተኛው አዳሙ ከወንዝ ዳር የጎተቱት ነው።

«የእሷ አልጋ ነው የገደለው!» አለ የሟቹ አማች ፋንታ፤ ሞጣ የራሱ መሰንጠቂያ አለው። «ከበር ላይ ሆኜ አየሁ። እየሰነጠቀ ሳለ ጉማጁ ካልጋው ዘሎ ግንባሩን አለው።»

ኢንስፔክተር ትርሲት ወደ ፈንታነሽ ዞረች።

«አልጋውን እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«እኔ ነኝ። የያዘውን አይለቅም።»

«ሟቹን ይጠሉት ነበር አሉ።»

«እጠላው ነበር። በሬሳው ፊት ልዋሽልሽ?»

«ይቀመጡ እንጂ፣ እትዬ።»

«መቀመጫ የሚሰጥ ልብ የለኝም።» ከበር እስከ ግድግዳ ትመላለሳለች። የባሏን ወንድም ገደለች ተብላ ልትታሰር ነው።

ትርሲት ጎንበስ ብላ ደም የነካውን ጉማጅ አገላበጠች፤ ሁለቱንም ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ አልጋውን አየች። ሌላ ጉማጅ እላዩ ላይ በብሎን እንደተጠፈረ ነው፤ ግማሹ ተሰንጥቋል።

አዳሙን ጠራችው።

«አንተ የት ነበርህ?»

«የሌላ ሰው ቀብር ላይ። አገር አይቶኛል።» ወደ ፈንታነሽ ዞረ። «እታለም፣ ሳትሰሚው ቀረሽ። የንስሐ አባቱ ‹የመበለት ሐቅ ይዘህ እንዳትቆርብ› ብለው ገዝተውት ነበር። እሑድ ቁልፉን ሊሰጥሽ ነበር።»

ፈንታነሽ መመላለሷን አቆመች።

ትርሲት ሁሉንም መጋዙ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ፋንታ፣ የሞጣው መጋዝህ ምን ዓይነት ነው?»

«ክብ ነው። ምነው?»

«ክብ መጋዝ እንጨት ከነከሰበት መልሶ በሰው ላይ ይወረውራል። አንተ የለመድኸው እሱን ነው። ይኼኛው ግን ስለቱ እንደ ቀበቶ እየዞረ ወደ ታች ይወርዳል፤ እንጨቱን አልጋው ላይ ይጫነዋል እንጂ ወደ ሰው አያስዘልለውም።»

«እንግዲያ ብሎኑ ላልቶ ይሆናል!»

«አልጋው ላይ የወጣ ግንድ ጫፍና ጫፉ በብሎን ይበሳል። ደም የነካው ጉማጅ አንድም ቀዳዳ የለውም። አልጋው ላይ ያልወጣ ካልጋው አይዘልም። ከግንድ ክምሩ አንስቶ የመታው ሰው ነው፤ ‹ሲዘል አየሁ› ያልኸው ደግሞ አንተ ብቻ ነህ።»

ፋንታ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«መሰንጠቂያው ለእሷ ሲመለስ፣» አለ አዳሙ ቀስ ብሎ፣ «ማሽኑን ሞጣ ልትወስድ የተማመንኸው ቀረብህ።»

«ለእኔ ቃል ገብቶ ሲያበቃ!» ፋንታ ጮኸ። «ለሴት! ለሴት ብሎ!»

ካቴናው ገባለት።

ትርሲት ማሽኑ ፎቶ ተነስቶ እንዳለቀና ከእንግዲህ መነካት እንደሚችል ተናገረች። ደጅ ጎረቤቱ የሬሳ ሣጥን ከየት እንደሚመጣ ይመካከራል። ፈንታነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገባች።

«እታለም፣ ‹ሴት መጋዝ አትነካም› ብሎ...» አለ አዳሙ፣ ፈራ ተባ እያለ።

«ተነስቶ ይከልክለኛ!»

መጋዙን አስነሳች። አልጋውን በሁለት እጇ ገፍታ፣ ግማሽ የቀረውን ዋንዛ ለሰማው ሣጥን ሰነጠቀችለት።