ወደ ላይ ያልተሳለው መኪና

«አትንቀሳቀሱ! መኪና ውስጥ ናችሁ እኮ!»

ጉንዳን የሚሏት ልጅ አባት በጉልበቱ እየዳኸ ጮኸ። ጠመኔው የግቢውን ሲሚንቶ እየፋቀ በእናቷ ጫማ አጠገብ አለፈ፣ ጥጉ ላይ ታጠፈና በሌላው በኩል ተመለሰ። ጉንዳን እግሯን ሰበሰበች። አባቷ ማስመሪያ ሳይዝ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምር ባየች ቁጥር አፏን ከፍታ ነው የምትቀረው። ዛሬ ግን የሚሳለው መስኮት ወይም የሱቅ በር አልነበረም። መኪና ነበር፣ ያውም በእውነተኛ ልኩ!

አባቷ መስታወት ቆራጭና ገጣሚ ነው። ሥራውን የተማረው ቤተሰቡ ሁሉ አባባ ከሚላቸው ከአያቷ ሲሆን፣ አንድም ነገር በልኩ መሬት ላይ ሳይስል አይቆርጥም። «መሬት ላይ ያልተሳለ መስታወት እጅ ላይ ይሰበራል» ይላሉ አባባ። ስለዚህ መኪና ለመግዛት ሲታሰብም ለማንም ሌላ ዘዴ አልመጣለትም። አባቷ የመኪና ሻጭ ግቢ ሄዶ የአንዱን መኪና ርዝመትና ስፋት ለክቶ መጣ፣ ጠመኔውን አነሳ፣ በቃ።

እናቷ የፊት ወንበር በተባለው በርጩማ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ታናሽ ወንድሟ የድስት ክዳን ይዞ መሪ ያዞራል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ስለሚውል ሞተር የሚል ስም ከወጣለት ቆይቷል። ከኋላ አባባ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከጎናቸው ጉንዳን። ከጀርባቸው ደግሞ ለመስታወቱ የተተወው ሰፊ ቦታ።

«ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቼ ነበር» አለች እናቷ፤ «የእኛ ደግሞ መኪና አለን በሲሚንቶ!»

«ሳቂ አንቺ። አባባ፣ እስቲ እግርዎን ይዘርጉ። ይበቃዎታል?»

«ከዚህ ከሰፋማ አልጋ ነው» አሉ አባባ።

ጉንዳን የሚለውን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ገና ሕፃን ሳለች ከራሷ የሚበልጥ የመስኮት ክፈፍ እየጎተተች ግቢውን ስታቋርጥ አይተዋት ነው። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም ጉንዳን ናት።

አቅማቸው ለአንድ መኪና ብቻ ነበር። ያ አንድ መኪና በሥራ ቀን መስታወት፣ በእረፍት ቀን ደግሞ አምስቱንም ሰው መጫን አለበት። እስካሁን አባቷ ሥራ ባገኘ ቁጥር የሰው መኪና እየለመነ ይከራያል፤ አንዳንዱ ሾፌር ጉድጓዱን ሁሉ ሳይምር ይነዳና መስታወቱ ሲደርስ ለመጥረጊያ ብቻ ይተርፋል። ደግሞም የአባባ ታላቅ እህት አሉ። የሚኖሩት ሩቅ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነው። አባባ አውቶቡስ «ግፊያው አያስቀምጥም» ብለው ከተዉ ወዲህ እህታቸውን አላዩም። ስለዚህ መኪናው ተገዝቶ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ እሳቸው እንዲሆን ቃል ተገብቷል። ጉንዳን ሐይቅ አይታ አታውቅም። ውኃ ሆኖ ማዶው የማይታይ ነገር ምን ሊመስል እንደሚችል እያሰበች እንቅልፍ ያጣችበት ቀን አለ።

ከሰዓት በኋላ አምስቱም በእግራቸው ሻጩ ግቢ ሄዱ፤ ቅርብ ነበር።

እዚያ ቆሞ ነበር፣ ቀዩ።

ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ። ጎማው የወንድሟን የሞተርን ደረት ይደርሳል። ጉንዳን ስትጠጋው ፊቷ በበሩ ቀለም ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ስትዳስሰው ከፀሐይ የተነሳ ይሞቃል፤ አውሬ የነካች ያህል እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ከዚያ መርገጫውን ረግጣ፣ እጀታውን ይዛ፣ ራሷን ወደ ላይ ሳበችና ሾፌሩ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ኧረ በናታችሁ!»

የግቢው አጥር ከሥሯ ነበር። ከአጥሩ ማዶ መንገዱ፣ ከመንገዱ ማዶ የሰው ቤት ጣሪያ፣ ከጣሪያው ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ከዚያም ወዲያ ከመሬት ሆና አይታው የማታውቀው ኮረብታ። ሰፈሩ ሁሉ ዝቅ ብሎ እጅ የነሳት መሰላት። ሰኞ በዚህ መኪና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትወርድ ልጆቹ ምን እንደሚሉ ታያት። ለጓደኛዋ ገና ሳይገዛ «አሪፍ መኪና ገዝተናል» ብላ መልእክት ልካላት ነበር።

ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ ምላሱን ሥራ ላይ አውሎታል። «ይሄ መኪና አይደለም ጌታዬ፣ ግድግዳ ነው! የፈለጉትን መስታወት ያቁሙበት። ነገ ጠዋት የሚመጣ ሰው አለ፤ ዛሬ ቢጨርሱ ይሻላል።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለች እናቷ።

«አባዬ፣ ይሄ ይሁን! በቃ ሌላ አንይ! በእናትህ!» ጉንዳን ከላይ ሆና እንባዋ እስኪመጣ ለመነች። አባቷ የኋላውን መጫኛ በክንዱ እየለካ ፈገግ አለ፤ እሱም ልቡ ወዷል። ሁሉም ኮፈኑ ጋ ተሰበሰቡ።

ጉንዳን የስፖኪዮውን መስታወት እንደ አባቷ በጥፍሯ መታ አድርጋ ስታየው፣ አባባን አየቻቸው።

ብቻቸውን ከኋለኛው በር አጠገብ ቆመዋል። ከዘራቸውን ጎማው ላይ አስደግፈው እግራቸውን አነሱ። መርገጫው ሩቅ ነበር። አወረዱት። ግራ ቀኝ ተመለከቱና በሁለት እጃቸው ሱሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው፣ እግራቸውን እንደ ዕቃ አንስተው ሊያስቀምጡት ሞከሩ። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ፊታቸው ተጨማደደ። ከዚያ እግራቸውን ቀስ አድርገው መሬት መለሱትና መሐረባቸውን አውጥተው የበሩን መስታወት መጥረግ ጀመሩ።

«መስታወቱ ጥሩ ነው!» አሉ ጮክ ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከጉንዳን ዓይን ጋር ስፖኪዮው ውስጥ ተገናኘ።

ቤት ሲገቡ አባባ በረንዳው ላይ ጠሯት።

«አየሽኝ አይደል?»

«አየሁዎት።»

«እንግዲያው አላየሽም።»

«አባባ...»

«ስሚ። አባትሽ የሰው መኪና እየለመነ ጸጉሩ ሸበተ። ለእሱ የሚሆነው ይሄ ነው፤ እኔም ብሆን እሱኑ ነበር የምመርጠው። እኔ ቤት እጠብቃለሁ። ቤትስ ጠባቂ አይፈልግም?»

«እህትዎስ?»

«በስልክ አሉልኝ አይደል!»

ጉንዳን ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት። እህትየው ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ሁለቱ በስልክ ሲያወሩ «ደህና ነሽ?» «ምን?» «ደህና ነሽ ወይ?» «ማን ሞተ?» ተባብለው ነው የሚዘጉት።

«ለማንም አትናገሪም። ቃልሽን ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። እራት ቀረበ። ያ ኮረብታና ያ የሰው ጣሪያ ዓይኗ ላይ ነው፤ ቀዩን አሁንም ትፈልገዋለች። ያሳፈራት ይሄው ነበር። አባባን ስታይ ደግሞ የሚገርም ነገር ገባት። መስታወት ተሸክመው ፎቅ ለፎቅ የወጡ ሰው፣ እህታቸውንና ሐይቁን እንደዋዛ ትተው ተቀምጠው ከሞተር ጋር ይቀልዳሉ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ ይዞ እንዴት ይስቃል? እስከዛሬ ትልቅ ሰው ማለት ምን እንደሆነ የምታውቅ ይመስላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ቀዩን ለመግዛት ለባብሰው በረንዳው ላይ ወጡ። አባቷ ጫማውን ቦርሿል።

«እናንተ ሂዱ» አሉ አባባ ከአግዳሚው ላይ። «እኔ ቤት ልጠብቅ።»

ጉንዳን በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ቆመች። ተመለሰችና አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ነይ እንጂ!» አላት አባቷ።

«እኔም ቤት እጠብቃለሁ።»

«ምን ሆነሻል? ትናንት አልቅሰሽ ያስመረጥሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ነኝ። ግን አልሄድም። ዛሬም፣ ሐይቁ ጋ የምትሄዱ ቀንም። በእኔ ቦታ መስታወት ጫኑበት።»

«ይቺ ልጅ አመም አድርጓታል መሰለኝ» አለች እናቷ፣ እጇን ግንባሯ ላይ እያስቀመጠች።

ጉንዳን ቃል ሰጥታለች፤ ስለዚህ ከንፈሯን ነክሳ የአባባን ከዘራ ብቻ ተመለከተች። አባባ በዓይናቸው ተቆጧት፤ እሷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ከዘራው ወለሉን አንዴ መታ፣ ደግሞ መታ። ሞተር እንኳ ማጓራቱን አቆመ።

«እልኸኛ!» አሉ አባባ በመጨረሻ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ያዘዙትንና ያስተማሩትን ልጅ ቀና ብሎ ማየት ከበዳቸው፤ ዓይናቸው ጫማው ላይ ቀረ። «ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፣ ልጄ። ያንን መኪና አልወጣውም። አውቶቡሱንም የተውኩት በግፊያው አይደለም።»

ጉንዳን አባባ ያንን ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ለማውጣት ምን ያህል እንደታገሉ አይታለች፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጉልበት ያየች አልመሰላትም።

እናቷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አባቷ ወደ ሥራ ቦታው ገብቶ መለኪያ ሜትሩን ይዞ ወጣ፣ በዚያ በታጠበ ሱሪው አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

«እስቲ እግርዎን ያንሱ፣ አባባ። እስከሚችሉት ብቻ።»

አባባ እጃቸውን በጉንዳን ትከሻ ላይ አሳርፈው ተነሡ፤ እግራቸውን አነሱ። ተንቀጠቀጠ። ቆመ።

«ጉንዳን፣ እዚህ ጋ ያዢልኝ።»

ጎንበስ ብላ ሜትሩ ላይ አውራ ጣቷን አድርጋ ያዘችው። ከመሬት እስከ ጣቷ ያለው ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። ያቺን ትንሽ ቦታ እያየች ፀጉሯ ቆመ። ቀዩ መኪና፣ ኮረብታው፣ የሻጩ ወሬ ሁሉ ከዚህች በላይ ነበር፤ አምስት ሰው ደግሞ በዚህች በኩል ማለፍ አለበት።

«ርዝመቱን ሳልኩ፣ ጎኑን ሳልኩ» አለ አባቷ ድምፁ ሰለል ብሎ። «ወደ ላይ አልሳልኩም። ጠዋቱን ሙሉ አስቀምጬዎት በር መኖሩን ረሳሁ።»

«የመስታወት ሰው ሐሳቡም ጠፍጣፋ ነው» አሉ አባባ። «ማን አስተማረህና!»

እናቷ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። «መስታወቱስ? ዝቅ ያለች መኪና ብንገዛ የት ይቆማል?»

«መስታወት ጉልበት አያመውም፤ የትም ይቆማል» አሉ አባባ። «ጎኗ ላይ የብረት መደገፊያ ታበጃለህ።»

«ትልልቁን ግን አትችለውም» አለ አባቷ፣ ቀስ ብሎ እያሰበ። «ለትልልቁ ሥራ መኪና መከራየታችን አይቀርም።» ቅሬታውን አልደበቀም። ከተንበረከከበት ግን አልተነሣም፤ የአባባን ሱሪ እግር አስተካክሎ መለሰላቸው።

ስልኩ ጮኸ። ሻጩ ነበር፤ ሌላው ገዢ መጥቶ ቆሟል፣ የት ደረሳችሁ ይላል። አባቷ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ጉንዳንን አያት። እጇን ዘረጋችና ተቀበለችው።

«ሃሎ፣ እኔ ነኝ... የትናንትናዋ ልጅ» አለች። «ቀዩን ለሰውዬው ይስጡት። አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ።»

በወዲያ በኩል ሻጩ መንጣጣቱን ቀጠለ። እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ በሌላ እጇ አውራ ጣት ሜትሩ ላይ ቦታዋን እንደያዘች ነበር።

«ዝቅ ያለ አለዎት?» ስትል ጠየቀች። «በጣም ዝቅ ያለ። አይ፣ ከዚያም በታች። አምስት ነን።»