የተጫረ ክብሪት ሽታ

ኢሽቤል ከላክላን ጋር የተዋወቀችው በፖስታ ቤቱ ሰልፍ ላይ፣ በአንዲት የተሰነጠቀች ጠርሙስ ሰበብ ነበር።

ከኤድንብራ የተላከላት ካርቶን ከሥሩ ርሶ ውስኪው ጠብ፣ ጠብ እያለ ወለሉን ያርሰዋል። በሰልፉ ላይ የነበሩት አምስት ሰዎች ዝም ብለው አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። በአይላ ደሴት ውስኪ ሲፈስ ማንም ወዮ አይልም፤ መጀመሪያ ያሸታል።

«ከደሴቱ ደቡብ ዳርቻ ነው» አለ ከኋላዋ የቆመ፣ የጎማ ቦቲ ያደረገ ረጅም ሰው። «አሥራ ስምንት ዓመት። አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ።»

ኢሽቤል የረጠበውን ወረቀት ገልጣ አነበበች። አሥራ ዘጠኝ ይላል።

«የት ነው የተማርከው?»

«ምኑን?»

«ማሽተቱን።»

ሰውየው ዞር ብሎ ሰልፈኛውን አየ። «ይሄንንም ይማሩታል እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ኢሽቤልም ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ጋለ። እሷ ተምራዋለች። በአውስትራሊያ፣ አደሌድ ከተማ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ አምስት ዓመት ሥራ። አምና በመከር አክስቷ ኤፊ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር «ለሦስት ወር» ብላ መጣች። ይኸው ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «መቼ ነው የምትሄጂው?» ይላታል። «በቅርቡ» ትላለች። ባለችው ቁጥር የሚሰማት ደስታ ይሁን ፍርሃት አትለየውም።

እስከዚያው የምትኖረው በአፍንጫዋ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ታሽገው ዳግም የማይገኙ ውስኪዎችን እየቀመሰች በኤድንብራ ለሚታተም ወርሃዊ መጽሔት ትጽፋለች፤ ከመቶ ነጥብ ትሰጣለች። አንድ ሕግ አላት። ዛሬ አሽትታ የጻፈችውን በማግስቱ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ ደግማ ሳታሸት ነጥብ አትሰጥም። ሰው የወደደውንም የጠላውንም ቶሎ ያምናል ባይ ናት። ከሁሉ ይልቅ የማታምነው ግን ራሷን ነው።

በሳምንቱ ረቡዕ በሩ ተንኳኳ። ያ ባለ ቦቲ ድስት ታቅፎ ቆሟል።

«ላክላን እባላለሁ። አክስትሽ ዳሌዋን ታማ ሾርባ ማን ይሠራላታል ብዬ ነው።»

«ዳሌዬ ከዳነ ሁለት ወር ሆኖታል» አለች ኤፊ ከውስጥ። «ግን ግባ።»

በጭስ የደረቀ ዓሣና ድንች ሾርባ ነበር። በሚቀጥለው ረቡዕም መጣ። ከዚያ በኋላ ረቡዕ ማለት እሱ ሆነ።

ላክላን ባሕሩ ዳር ባለ የውስኪ መጥመቂያ መጋዘን ውስጥ በርሜል ያንከባልላል፣ ይጠብቃል። አባቱም እዚያው በርሜል ሠሪ ነበር። ሾርባው ካለቀ በኋላ ኢሽቤል ብርጭቆዎቿን ትደረድራለች፤ ያሸታሉ።

«የደረቀ ኮክ» ትላለች እሷ፤ «የብርቱካን ልጣጭ፣ ትንሽ ቅርንፉድ።»

«አንቺ ስትናገሪ የፍራፍሬ ሱቅ የገባሁ ነው የሚመስለኝ። ይሄ እኮ የዓሣ አጥማጁ የማክፊ የጀልባ ቤት ነው። ገመዱ አለ፣ ሬንጁ አለ፣ ድመቷ አለች።»

«ድመት?»

«አሽቺ እስቲ።»

አሸተተች። ድመቷ አለች። ዘጠኝ ዓመት የሰበሰበቻቸው ቃላት ሁሉ የሰው አገር ልብስ ሆነው ታዩአት፤ ያምራሉ፣ ግን ትከሻ ላይ ይጠባሉ።

አንድ ረቡዕ ሁለቱም አንድ ብርጭቆ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። ጣቱ ጣቷ ላይ አረፈና ሳይነሣ ቆየ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ላክላን አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ «ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሯል» አለ።

ሲሄድ ማስታወሻዋን ብታይ ስለ ውስኪው አንድም መስመር የለም። «እርጥብ ሱፍ። ጨው። የረግረግ አፈር ማገዶ ጭስ» ይላል። የእጅጌው ሽታ ነው። ገጹን ገንጥላ እሳት ውስጥ ከተተችው፤ መልሳም ተጸጸተች።

በመጋቢት መጨረሻ ላክላን ያለ ሾርባ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ወረቀቱ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ቁጥር 1፣ ከ214» ይላል።

«አባቴ ጡረታ ሲወጣ የሰጡት በርሜል ነው፤ ራሱ የገጣጠመው። ውስኪው ሃያ ሁለት ዓመት ተኛበት። በየዓመቱ ልደቱ ቀን አንድ ማንኪያ ይቀምስና 'ገና ነው' ይላል። 'ደረሰ' ባለ ዓመት ሞተ።»

«እና ልትሸጠው ነው?»

«በግንቦቱ የውስኪ በዓል፣ እንግዳው ሁሉ ሲመጣ። የአባቴን ስም አስጽፌበታለሁ።» ጣቱን በወረቀቱ ላይ አሳለፈ። «አንቺ እንድትጽፊበት ፈልጌ ነው። እንዳታዝኝልኝ ግን፤ የሸተተሽን ጻፊ።»

እሱ ከወጣ በኋላ ቀዳች። መጀመሪያ ማር መጣ። ዘቢብ፣ ያረጀ ቆዳ፣ ለውዝ። ልቧ በደስታ ሞቅ አለ። ቀጥሎ ከሥር፣ ልክ አንድ ሰው ጀርባዋ ላይ ክብሪት የጫረ ይመስል፣ የዲን ሽታ ተነሣ። ማሩንም ዘቢቡንም ሸፈናቸው።

ክዳኑን ገጥማ አደረች። በማግስቱ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ ደገመችው። ክብሪት።

ነገሩን ታውቀዋለች። የስፔን ወይን የነበረባቸው በርሜሎች በመርከብ ሲጫኑ እንዳይበላሹ በዲን ይታጠናሉ፤ አንዳንዱ እንጨት ጢሱን ይዞት ይቀራል። ቢሆንም እጇን አሸተተች፣ የመጋረጃውን ጫፍ አሸተተች፣ ምድጃውን አሸተተች። እንዲህ ያለ አፍንጫ ያለው ሰው እንዴት ይህን ይስታል? ወይስ ሽታው ከእኔ ነው? ለመሄድ ሰበብ ስፈልግ ራሴ የጫርኩት ይሆን?

«አክስቴ፣ ይችን አሽቺልኝ።»

ኤፊ ብርጭቆውን አንሥታ ወዲያው አስቀመጠችው። «የእነ ላክላን ቤት ነው አይደል? እነሱ ዲን አይሸታቸውም፤ ዘራቸው ነው። ሌላውን ሁሉ ከተራራ ማዶ ያሸታሉ፣ እሱን ግን ምንም። አባትየው አንዴ ዲን ዲን የሚሸት የተበላሸ እንቁላል ጥርግ አድርጎ በልቶ 'ድገሚኝ' አለ። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ እስክትሞት ድረስ እንቁላሉን ሁሉ ሲኒ ውስጥ እየሰበረች እያሸተተችለት ነበር የሚበላው።»

«ላክላን ያውቃል?»

«ማን ይነግረዋል? ሰዉን ሁሉ አቅምሷል። ሁሉም 'አባትህ ይኮራ ነበር' ይለዋል።» ኤፊ ሹራብ መሥሪያዋን አነሣች። «እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሾርባ ያመላለሰው ለዓይንሽ ነው ለብዕርሽ?»

ኤፊ ይህን ያለችው ለቀልድ ነበር። ኢሽቤል ግን እሾህ እንደ ገባው እግር በረገጠችበት ሁሉ ይሰማት ጀመር። እውነቱን ብትጽፍ የሰውየውን የአባት ስም በአደባባይ ታዋርዳለች፤ እሱንም ታጣዋለች። ብትዋሽ ደግሞ ረቡዖቹ ሁሉ በሾርባ የተገዙ ይሆናሉ። እሷም ከዚያ በኋላ አፍንጫዋን አምና ጽጌረዳ እንኳ አታሸትም።

ከኤፊ የስፌት ሳጥን አንድ የድሮ የመዳብ ሳንቲም አውጥታ፣ በኮምጣጤ አጥባ፣ ወደ መጋዘኑ ወረደች።

ላክላን በርሜሎቹ መካከል ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ይዛ ከመጣችው የአባቱ ጠርሙስ ሁለት ብርጭቆ ቀዳች። አንዱ ውስጥ ሳንቲሟን ጣለች። ጥቂት ቆይታ አወጣቻትና ሁለቱን አቀረበችለት።

«ልዩነታቸውን ንገረኝ።»

ግራውን አሸተተ፤ ቀኙን አሸተተ። ደግሞ ግራውን። እንደ ሕፃን ጨነቀው።

«አንድ ናቸው።»

«አንድ አይደሉም፣ ላክላን። መዳብ ዲንን ይስባል። በዚህኛው ውስጥ ክብሪት አለ፤ ሳንቲሟ የገባችበት ንጹሕ ነው፤ ማርና ዘቢብ ነው፤ እንደዚያ ዓይነት በዕድሜዬ አላሸተትኩም። ክብሪቱ ግን አለ።»

ግራውን እንደገና አነሣ፤ እንደገና አሸተተ። በመጋዘኑ ጥግ ውኃ ጠብ ይላል።

«አባቴም አልሸተተውም ማለት ነው» አለ። «በየልደቱ… ሰዉስ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«የነገርሽኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

ምስጋና ይሁን ወቀሳ ከድምፁ መለየት አቃታት። ግራ ሲገባት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ባልሆነ ሰዓት ያልሆነ ነገር ጠየቀች።

«ሾርባው ለዚህ ነበር? እንድጽፍልህ?»

ላክላን ቀና ብሎ አያት። ሌላ ሰው ቢሆን «በፍጹም» ይል ነበር። እሱ ግን አሰበ።

«የመጀመሪያው ሳምንት፣ ምናልባት» አለ። «ከዚያ በኋላ ግን—»

ኢሽቤል ከ«ምናልባት» ወዲያ ያለውን አልሰማችም። ሳንቲሟን ጨብጣ ወጣች። ዳገቱን ስትወጣ የሚያስለቅሳት እሱ ይሁን ነፋሱ እሷም አላወቀችም።

ያኔውኑ ተቀምጣ ጻፈች፤ ነጥቡን ግን እስኪነጋ በእርሳስ ብቻ አኖረችው። «ሰባ ዘጠኝ። በዲን በታጠነ በርሜል ያደረ፣ ክብሪት የሚሸት ውስኪ ነው። ነገር ግን የድሮ የመዳብ ሳንቲም ብርጭቆው ውስጥ ጥላችሁ ጥቂት ታገሡ። ከሥሩ የሚወጣውን ማር የሠራው ሰው እጁ የተባረከ ነበር።» በማግስቱ ጠዋት ደግማ አሸተተች። አንድ ነጥብ ልትጨምር እጇ ተነሣ። አልጨመረችም።

ግንቦት ሲገባ መጽሔቱ ወጣ። ረቡዕ መጣ፤ ላክላን አልመጣም። ሁለተኛው ረቡዕም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። በመካከሉ ከአደሌድ ደብዳቤ ደረሳት፤ የድሮ ሥራዋ ክፍት ነው። መጣችም ሄደችም የሚለየው ማን ነው ብላ የሐሙስ ጠዋት መርከብ ቦታ ያዘች።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሱቅ ደርሳ ስትመለስ ኤፊ የስፌት ሳጥኗን ገልብጣ ይዛለች።

«ያ ልጅ መጥቶ ነበር። የድሮ ሳንቲሞቼን አንድ ሳያስቀር ወሰዳቸው። የጎረቤቱንም ሲለቅም ነው የሰነበተው።»

«ምን ሊያደርጋቸው?»

«በየጠርሙሱ አንገት ሊያስራቸው። የጻፍሽውን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሣ ጨርቅ መስሏል።»

«ለእኔስ ምን አለ?»

«'አመሰግናለሁ፣ ኤፊ' አለ። ምን ይበል? አፍ የለውም እኮ። እመለሳለሁ ያለ መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ አሳለው።»

በሩ ተንኳኳ።

ላክላን ድስት አልያዘም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደ ሳህን ይዞታል፤ ውስጡ ስድስት እንቁላል አለ። መጀመሪያ ያየው ግን በሩ ሥር የቆመውን ነበር።

«ሻንጣ ነው» አለ።

«ሻንጣ ነው» አለች።

ሁለቱም ሻንጣውን ጥቂት አዩት።

«የዶሮዎቼ ናቸው» አለና ባርኔጣውን ከፍ አደረገ። «አባቴ እናቴ ነበረችለት። እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። እስከ ዛሬ ስንት የተበላሸ እንደበላሁ እግዜር ይወቀው። እና… የሚያሸትልኝ ሰው የለኝም።»

ኢሽቤል አየችው። «ይሄ ምን ማለት ነው፣ ላክላን? እንቁላል ነው የምትጠይቀኝ ወይስ ሌላ ነገር?»

«እኔም እንጃ። መንገድ ላይ የተለማመድኩት ሌላ ነበር፤ ረጅም ነው። ስለ ረቡዕ ነው። ሾርባ ስለምወድ ሳይሆን ረቡዕ ቶሎ እንዲደርስ ነበር የምሠራው የሚል አለበት።»

«ያንን ነው መጋዘኑ ውስጥ ያልጨረስከው?»

«ያንን ነው ያላስጨረስሽኝ።»

«ሲኒው መደርደሪያው ላይ ነው፣ በቀኝ በኩል» አለች ኤፊ ከውስጥ።

ኢሽቤል ሲኒና ጎድጓዳ ሳህን አመጣች። አንዱን ሰበረች፣ አሸተተች፣ ሳህኑ ውስጥ ገለበጠች። ሁለተኛውን። በሦስተኛው ፊቷን አዞረች።

«ይሄ ተበላሽቷል።»

ላክላን ጎንበስ ብሎ በረጅሙ ሳበ። «ምንም» አለ፤ ሳቁ መጣ። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። አራተኛው ደህና ነው። አምስተኛው ደህና ነው።

ስድስተኛውን አነሣችው። ለብ ያለ ነበር፤ ከእሱ እጅ ይሁን ከዶሮዋ አልታወቃትም። ይህን ሁሉ ጊዜ ያወቀችው ነገር የለም፤ አሁንም አላወቀችም። እንቁላሉን ሳትሰብር ሲኒው ውስጥ አስቀመጠችው።

«ይሄኛውን ዛሬ አልነካውም። ነገ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ነው የማሸተው።»

«ነገ ጠዋት እኮ መርከብሽ ነው።»

«ሕግ ሕግ ነው» አለች። «ሳይነጋ ነጥብ አልሰጥም።»

ላክላን ሲኒውን ከነእንቁላሉ ቀስ ብሎ አነሣና፣ ማንም እንቁላሉን ሳይሰብር ሻንጣውን ሊያነሣ እንዳይችል አድርጎ፣ ጫፉ ላይ አኖረው።