የላራስ የረመዳን ደብተር

«ጣትህን አምጣ አልኩህ!»

«አቦ ተይኝ፣ ምባክ! ደህና ነኝ።»

ታላቅ እህቱን «ምባክ» የሚላት ባጋስ እጁን ከጀርባው ደበቀ። ላራስ ታናሽ ወንድሟን ትክ ብላ አየችው። ግንባሩ በላብ ርሷል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። የስኳር መለኪያው አጠገብ፣ ተማሪ ሁሉ ጾሙን በየቀኑ የሚመዘግብበት የትምህርት ቤት የረመዳን ደብተሩ ተዘርግቷል። የስኳር በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ደብተሩ ላይ በየቀኑ የሚጻፈው «ታማሚ» ነው። ዛሬ ግን፣ በሃያ ሦስተኛው ረድፍ፣ «ጾሜአለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል።

«ምሳህንስ?»

«ለጎረቤት ፍየል ሰጠሁት። ለኢቡ እንዳትነግሪ!»

ላራስ ደሟ ፈላ። ኢቡ የሚሏት እናታቸው በክላተን ገበያ ለማፍጠሪያ የሚሆን ጣፋጭ ሽጣ ስትመለስ የመጀመሪያ ቃሏ «ስንት ነው?» ነው። የባጋስ ስኳር ስንት ነው ማለቷ ነው። ላራስ በሒሳብ አንደኛ የወጣች ቀን እንኳ «ጎሽ» ተባለችና ወሬው ወዲያው ወደ ባጋስ የስኳር መርፌ ዞረ። የእሷ የሆነው ጾሙ ብቻ ነበር። ሃያ ሁለት ቀን አንድም ሳታጓድል መጾሟን አያቷ ለመስጊዱ ሰው ሁሉ አውርተውላታል። ይህቺንም ሊሻማት ነው?

ዝም ብትልስ? እናታቸው ትምጣና ትያዘው። አንድ ቀን እንኳ እሱ ይገሠጽ።

ባጋስ ደብተሩን ሊያነሳ እጁን ሰደደ፤ ሳተው። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ሳተ። ላራስ ጣቱን ቀብ አድርጋ ወጋችው። ሃምሳ አንድ። ከሰባ በታች ሲወርድ ወዲያው ጣፋጭ እንደሚሰጠው አሳምራ ታውቃለች። ለማፍጠሪያ ካዘጋጀቻቸው ሁለት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ አንዱን አስጠጋችለት።

«ጠጣ።»

«አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው!»

«ለታመመ ሰው ግዴታ አይደለም። ኡስታዙ ራሳቸው ነግረውሃል እኮ!»

«ክፍል ውስጥ ‹አቶ ምሳ› ነው የሚሉኝ፤ አንቺ ምን አለብሽ! ቀንተሽ ነው። ብቻሽን መጾም ነው የምትፈልጊው!»

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ነው ያንገበገባት። ብርጭቆውን ወደ አፉ ብታስጠጋ ጥርሱን ነከሰባት። ዓይኑ እየከበደው ነው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም።

ላራስ የራሷን ብርጭቆ አነሳች። ግማሹን ስትጠጣ ሃያ ሁለቱ ቀኖች ታወሷትና እንባዋ መጣ። ቀሪውንም ጨለጠችው።

«ይኸው! እኔም ገደፍኩ። አሁን ማንም ማንንም አይበልጥም። ጠጣ!»

«አበድሽ እንዴ?»

«ጠጣ አልኩህ!»

ባጋስ ጠጣ። እስኪጨርስ ብርጭቆውን ያዘችለት።

የማፍጠሪያውን ሰዓት የሚያበስረው የመስጊዱ ከበሮ ከተመታ በኋላ እናታቸው እያለከለከች ገባች። «ስንት ነው?»

«ሰማንያ ስድስት» አለች ላራስ። ደግማ የለካችው አሁን ነው።

«አልሐምዱሊላህ! የኔ ጌታ!» እናቷ ባጋስን እቅፍ አድርጋ ጉንጩን ሳመችና ወደ ወጥ ቤት አለፈች። ላራስ እንደገና ቀናች።

ባጋስ ላጲስ አወጣና ምልክቱን አጠፋ። ከዚያ ላጲሱን ወደ እሷ ገፋው። ላራስ የራሷን ደብተር ገልጣ ጠዋት ያደረገችውን ምልክት ቀስ ብላ አጠፋች። «ያልጾምሽበት ምክንያት» የሚለው ቦታ ጠባብ ነው። አሰበችና ጻፈች፦ «ከባጋስ ጋር ሻይ ጠጣሁ።»

«ኢቡ እንዳታየው!» አለ ባጋስ በሹክሹክታ።

ላራስ ሁለቱንም ደብተሮች እንደተገለጡ እናቷ በምትቀመጥበት በኩል አስቀመጠቻቸው።

ባጋስ ሊዘጋቸው እጁን ዘረጋ። ከዚያ ተወውና ሳህኖቹን ሊያመጣ ተነሳ።